ቲማቲሙ ለዓይን ነው

የጎጃም ሰው በተረት አይታማም። ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሞ፣ ኪሎውን እያስመዘነ፣ «ኧረ ጎመን በጤና!» ይላል። ጎመኑን ግን ያየው የለም። ዘመን ሲለወጥ ደግሞ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እንላለን። ምንቸቱም ታዛዥ ነው፣ ወጥቶ ቀረ። ለሁዳዴ 55 ቀን ካልተጠራ በቀር ዝር አይልም።

አትክልት ጠፍቶብን እኮ አይደለም። ከባሕር ዳር ወጣ ብላችሁ መራዊ ስትደርሱ የቆጋ መስኖ አለላችሁ። ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ሽንኩርቱ፣ ድንቹ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ አቮካዶው በሽ ነው። ታዲያ የገበሬያችንን ደግነት እዩልኝ! አቮካዶውን በአይሱዙ ይሸኝና በብሩ ለልጆቹ ፓስታና ለስላሳ ይዞ ይገባል። ቫይታሚኑ ለአዲስ አበባ፣ ስኳሩ ለቤት።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው ግን የሰርግ ሰላጣችንን ነው። ሴቶቹ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ይከትፋሉ። ቲማቲሙ እንደ ቀለበት ክብ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል። ካሮቱ ይፈቀፈቃል፣ ቀይ ሥሩ ተቀቅሎ ይከተፋል። የሰላጣው ቅጠል ትሪው ዙሪያ ይነጠፋል። ስንጉ ቃሪያ ሽንኩርቱን እንደጎረሰ መሃል ላይ ይጋደማል። ፎቶ አንሺው መጥቶ ያነሳዋል። እንግዳው ተሰልፎ ይመጣል፣ ሰላጣውን በአክብሮት ያልፈዋል፣ ጥብሱ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ ይታሰራል። «ቅጠል የከብት ነው» ይላሉ አንድ ጋሼ፣ ሳህናቸውን እየቆለሉ። ማታ ትሪው ሲመለስ ቲማቲሙ አንዲት አልጎደለችም፣ ዳር ዳሯ ደረቅ ብሏል እንጂ። ከዚያ ጓሮ ለታሰረው ሙክት ይደፋለታል። ሙክቱ ደግሞ ለፋሲካ ይታረዳል። ስለዚህ አትክልት አትበሉም የሚለን ዋሽቷል። እንበላለን፣ በሙክቱ በኩል።

የጤና ሰዎች ነገር ማወሳሰብ ይወዳሉ። የካሮቱን ቀለም ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል፣ ግን ቅባት ይፈልጋል፣ ሰላጣው ላይ ዘይት ጠብ አድርጉበት ወይም አቮካዶ ጨምሩበት ይላሉ። ይህን የሚነግሩት እንግዲህ የኑግ አገር ለሆነው ሰው ነው! የእንጀራው ብረት ደግሞ ቲማቲም፣ ቃሪያና ሎሚ ሲያጅቡት በደንብ ይሰርጻል አሉ። እኛስ መቼ አጃቢ አጣን? ገና እጃችንን ሳንታጠብ ቡናው ይቀርባል። ቡናው ያንን ብረት እንዳይሰርጽ ያግደዋል፣ እኛም ሦስተኛውን ሲኒ እንመርቃለን። (ሳይታጠብ የቀረበ ሰላጣ ባይበላ ይሻላል፣ ይህን ስል አልቀለድኩም። ታይፎይድ ሽሙጥ አያውቅም።)

በጾም ስንበላውም በወግ ነው። ጎመኑ መልኩ እስኪጠፋ ይቀቀላል። አረንጓዴው ውሃ ከነቫይታሚን ሲው አጥር ሥር ይደፋል። የአጥሩን ሥር ጌሾ አይታችሁታል? ቅጠሉ ያብረቀርቃል። ከልጆቹ ይልቅ ለእሱ ደልቶታል። ልጆቹማ በ2008 ዓ.ም. የሕዝብና ጤና ጥናት ተለክተዋል። በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ከ100ው 46ቱ ቀንጭረው ተገኙ፣ ከክልሎች ሁሉ አንደኛ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉም በሰላጣ አይሳበብም። ቢሆንም አንደኛ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም።

ለመጪው ጥር ሰርገኞች አንድ ሐሳብ አለኝ። ቲማቲሙ የፕላስቲክ ይሁን። አበባው ፕላስቲክ ከሆነ ቆየ፣ ማን ቅር አለው? ፎቶ ላይ ያምራል፣ አይደርቅም። ታጥቦ ለግንቦቱ ሰርግ ይከራያል። ቅር የሚለው ቢኖር ሙክቱ ብቻ ነው።