«በርቱ» የሚለኝ ሰው ዛሬ እንዳያገኘኝ

ከዛሬ ጀምሮ «በርቱ» የሚለኝ ሰው ጠላቴ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ ታገሡኝ።

እኛ ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ሠርተን ዩቲዩብ ላይ የምንጭነውን ተከታታይ ፊልም ዛሬ አዳራሽ ውስጥ አሳየን፤ አስተያየት ስጡን ብለን። የክብር እንግዳውን አያችኋቸው አይደል? ሦስተኛው ክፍል ሊያልቅ ሲል ገቡ፤ የፊት ወንበር ተለቀቀላቸው፤ ውሃ ቀረበላቸው። መብራቱ ሲበራ ማይክሮፎኑን ማን ቀድሞ ያዘ? እሳቸው! አገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ከመመሥረቱ ጀምረው ተረኩልን። እሺ፣ ታሪካችን ነው፤ እኛ የጠየቅነው ግን ስለ ሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ ፊልሙ መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ጋሼ፣ አልቋል እኮ።»

«የቱ?»

«አሁን ያዩት።»

«ውይ! እኔ የስፖንሰር ማስታወቂያ መስሎኝ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። የራሳችን ካሜራ አንሺ ሳይቀር ሳቀ፤ አይቼዋለሁ። የምን ስፖንሰር? ስፖንሰር ቢኖረን ኖሮ ማይክሮፎን በካልሲ ጠቅልለን እንቀርጽ ነበር? ይባስ ብለው «የምን ዕቃ ይሆን እያልኩ ነበር፤ ሶፋው ግን ጥሩ ነው» አሉ። ሶፋው የእናቴ ነው። ትስማና ደስ ይበላት፤ ከቤታችን አንድ ሰው እንኳን ይደሰት።

መጠይቁስ? ጎግል ፎርም አዘጋጅቼ ሙሉልኝ እያልኩ በየቴሌግራም ቡድኑ ስለማመጥ ከረምኩ። «የታሪኩ ደካማ ጎን ምንድን ነው?» ለሚለው መልሱ «የለውም»፣ «በርቱ»፣ «እግዚአብሔር ይርዳችሁ»። ጅዳ ያለችው አክስቴ ደግሞ እዚያው ሳጥን ውስጥ «እናትሽ ስልክ አታነሣም፤ ንገሪያት» ብላ ጻፈች። ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጡ ብል ሁሉም 5! ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ሳይጫን 5 የሰጠ ወዳጅ አለኝ፤ ራሱን ያውቃል።

ዩቲዩብ ይሉኝታ የለውም። ተመልካች እስከ የት እንደቆየ የሚያሳየው መስመር 30ኛው ሰከንድ ላይ ሳይደርስ ቁልቁል ይወርዳል። «አስለቀሳችሁን» ያላችሁኝ ሰዎች፣ የሚያስለቅሰው ቦታ እኮ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ነው! መስመሩ የት እንደወጣችሁ እንጂ ለምን እንደወጣችሁ አይነግረኝም። ድምፁ ነው? ጨለማው ነው? ፓኬጅ አልቆባችሁ ነው? እሱን ነበር የጠየቅኋችሁ። አንዳንዶቻችሁማ ቪዲዮውን አውርዳችሁ በቴሌግራም ትቀባበሉታላችሁ፤ ያ አይቆጠርልንም። ከማስታወቂያ ድርሻ ለማግኘት 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ይጠየቃል። የእኛ በዚህ አካሄድ የልጅ ልጆቻችን ይቀበሉት ይሆናል።

እውነቱን የነገረኝ ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነው። «በሦስቱም ክፍል ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ ይጠጣል፤ መቼ ነው የሚማሩት?» አለኝ። ከክፍሌ አስወጣሁት። ማኪያቶው ምሳሌያዊ ነው! ደግሞስ ካፌው እንዲያስቀርጸን ማኪያቶ እንድንገዛ ስላስገደደን ነው፤ ከግቢያችን ዘበኛው «የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ» ብሎ አባሮን። ደብዳቤው ዛሬም «በሂደት ላይ» ነው።

መምህራችን ደግሞ የመመረቂያ ሥራችን ላይ «የተመልካች አስተያየት ትንተና» የሚል ምዕራፍ ይፈልጋሉ። ምን ልተንትን? «በርቱ»ን በግራፍ ልሥራ?

ክፍል አራት እሑድ ይጫናል። መጠይቁንም አብሬ እልካለሁ፤ ከእናንተ ሌላ ማን አለኝ? ነጥቡ ግን ከ1 እስከ 4 ብቻ ነው፤ 5 ተነሥቷል።