አክስትህ ፋሲል መዋኛ ስለገባች የፔስሜከሯ ሽቦ አይዝግም

ኸረ ወንድሜ ይሄን እናስተካክለው፣ «አክስቴ ልቧ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሳሪያ) ስላላት ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ እንዳትገባ፣ ውሃው ሽቦውን ያዝገዋል» ያልከው ልክ አይደለም። የፔስሜከሩ ሽቦ ከቆዳ ስር ገብቶ በደም ስር ውስጥ ነው ልብ ድረስ የሚሄደው፣ የመዋኛው ውሃ በየት በኩል ይደርስበታል? (የቀዶ ጥገናው ቁስል ሳይድን ከሆነ ግን አትግባ፣ እሱ የኢንፌክሽን ጉዳይ ነው።) ደሞ ለነገሩ የገዛ ሰውነታችን ፈሳሽ መዋኛውን ከሚሞላው ከቀሃ ወንዝ ውሃ በላይ ጨው አለው፣ 37 ዲግሪ ላይ ቀን ከሌት ነክሮት ነው የሚኖረው።

ታዲያ ለምን አይዝግም ካልክ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰራው እንደ ግቢ በር ከብረት ሳይሆን ከኒኬል፣ ኮባልት፣ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ቅይጥ ነው፣ ክሮሚየሙ ላዩ ላይ በአይን የማይታይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይሰራና ይጠብቀዋል።

ግን ከስር ኮመንት ላይ «ፈፅሞ ምንም አይነካውም» ያለችውም ተሳስታለች። ኤሌክትሪክ በደንብ እንዲያልፍ መሃሉ ላይ ብር (ሲልቨር) የሚሞላበት ሽቦ አለ፣ ልብ በመታ ቁጥር ስለሚታጠፍ በዘመን ብዛት ከተሰነጠቀና ብሩ ለዛ ጨዋማ ፈሳሽ ከተጋለጠ ሊበላ ይችላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው፣ የላዩ ሽፋን ፖሊዩሪቴን የሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ ከቅይጡ የሚወጣው ኮባልት ሽፋኑ ከውስጥ በኩል እንዲበላ ያፋጥነዋል፣ ማለትም ፕላስቲኩ ብረቱን ይጠብቃል ስንል ብረቱ ራሱ ፕላስቲኩን ያስበላዋል! ቀጠሮ ላይ በማሽን የሽቦውን ሬዚስታንስ የሚለኩትም እንዲህ አይነት ስንጥቅና ብልሽት ካለ ለመያዝ ነው፣ አክስትህ ስለ መዋኛው መጨነቋን ትታ ቀጠሮዋን እንዳትዘል።