ጆርጅ ኤልየት ትፈርዳለች

ስለ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጆርጅ ኤልየት ሲወራ «ለሁሉም የምታዝን፣ በማንም የማትፈርድ» ይባላል። እኔ አልስማማም። ትፈርዳለች፣ ያውም አጥብቃ። ግን ሳትፈርድ በፊት የሰውየውን ጭንቀት ከውስጡ ገብታ ታየዋለች።

እውነተኛ ስሟ ሜሪ አን ኢቫንስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1819 ዋሪክሺር ውስጥ ተወለደች። በ22 ዓመቷ «ቤተ ክርስቲያን አልሄድም» ብላ ከአባቷ ጋር ተጋጨች። በ1854 ደግሞ ከጆርጅ ሄንሪ ሉዊስ ጋር መኖር ጀመረች። ሉዊስ ሚስት ነበረው፣ በዘመኑ ሕግ መፋታት አልቻለም። ታዲያ የለንደን ጨዋ ቤቶች እሱን እራት እየጋበዙ እሷን በራቸውን አያስረግጧትም ነበር። ወንድሟ አይዛክም ጨርሶ ዘጋት፤ ደብዳቤ የጻፈላት በ1880፣ ሉዊስ ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው በሕግ ስታገባ ነው። በዚያው ዓመት አረፈች።

እንዲህ የተገፋች ሴት በልቦለዷ ብትበቀል ማን ይፈርድባት ነበር? «ሚድልማርች» በተባለው ልቦለዷ ውስጥ ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። ወጣቷ ዶሮቲያ በዕድሜ በጣም የሚበልጣትን ምሁር ካሶቦንን አግብታ ስትቃጠል፣ ደራሲዋ ስለ እሷ ማውራት ጀምራ ድንገት «ግን ለምን ሁልጊዜ ዶሮቲያ?» ብላ ታቋርጣለች። ከዚያ ወደ ባልየው ትዞራለች፤ ዘመኑን የፈጀበት መጽሐፍ ከንቱ እንዳይሆን ወደሚፈራው፣ ትችት ወደሚያስበረግገው ሰው። ካሶቦን ያው ራስ ወዳድ ነው፣ እኛ ግን ከዚያ ወዲያ እንደ ልብ መጥላት ያቅተናል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ቡልስትሮድ ነው። ጸሎተኛ የባንክ ባለቤት፣ ሀብቱ ግን የተሰረቀ ዕቃ በመያዣ ከሚቀበል ሱቅ የመጣ፣ ምስጢሩን የሚያውቀው ሰው ሲሞት ደግሞ እጁ ያለበት። ጉዱ ሲወጣ ሚስቱ ሃሪየት ክፍሏን ዘግታ ታለቅሳለች፣ ጌጧን አውልቃ ተራ ጥቁር ቀሚስ ትለብሳለች፣ ወርዳም አጠገቡ ትቀመጣለች። ከሚወራበት ምን ያህሉ ሐሰት እንደሆነ አትጠይቀውም፤ እሱም ንጹህ ነኝ አይልም። ኤልየት ስሙን አታድስለትም። ከተማውን ጥሎ ይሄዳል።

ቅር የሚለኝ የሮዛመንድ ነገር ነው። የባሏን የሐኪሙን የሊድጌትን ዕዳ ያባባሰችው ይህች ቆንጆ ያን ያህል ትዕግሥት አላገኘችም፤ «ለምን ሁልጊዜ ሊድጌት?» የሚል ምዕራፍ ይገባት ነበር።