የኮሚክስ ርስት

መንዝ ውስጥ ርስት በእናትም በአባትም ይቆጠር ነበር። ስለዚህ አንዲት ማሳ ላይ ስንቱ ወራሽ ይነሣል፤ ሁሉም የዘር ሐረጉን እስከ አቅኚው አባት ይጠራል። ዩኒቨርሲቲዎችም ኮሚክስን፣ ያን ሳጥን በሳጥን በተደረደረ ሥዕል የሚተረከውን ታሪክ፣ የያዙት እንዲሁ ነው። የሥነ ጽሑፉ ሰው "ትረካ ነውና የእኔ ነው" ይላል። የሥዕሉ መምህር "መስመሩን ማን አሰመረው?" ይላል። የሥነ ልቦናው ባለሙያ ደግሞ በሁለት ሳጥን መካከል ያለችውን ባዶ ቦታ ይዞ ይሟገታል፤ አንባቢ በሐሳቡ የሚሞላት እሷን ነዋ። ለባዶ ቦታ መካሰስ እንኳ እኛም ጋ አለ።

የእህቴ ልጅ የማስተርስ ጥናቴን በኮሚክስ ላይ እሠራለሁ ካለ ወዲህ፣ እናቱ ደብረ ብርሃን ውስጥ ለቅሶ መድረስ ከብዷታል። ልጅሽ ምን ያጠናል ሲሏት "የኮምፒውተር ነገር" ትላለች።

ታላቅ ወንድማችን ግን አልቻለም። "በሬ ሸጠን ያስተማርንህ ሥዕል እንድታይ ነው?" አለ ጋቢውን እየተከናነበ። (በዚያ ብርድ ቁጣም ያለ ጋቢ አይሆንም።) ይህን ሲል ከጀርባው ባለ 44 ክፍል የንግሥተ ሳባ ሥዕል ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከላይ ከግራ ጀምሮ ሳጥን በሳጥን በጣቱ እየነካ ይተርካል። ንግሥቲቱ የሚያስጠማውን ወጥ በልታ ሌሊት ውኃ ፍለጋ የምትነሣበት ላይ ሲደርስ፣ ልጆች ካሉ አንድ ሁለት ሳጥን ይዘላል።

"ጋሼ፣ ይኸው ኮሚክስ!" አለ ልጁ።

"ይሄ ታሪክ ነው።"

ልጁ ማስረጃ መደርደር ያዘ። ናዚዎች በአይሁድ ላይ ያደረሱትን እልቂት በአይጥና በድመት መስሎ የሚተርከው "ማውስ" የተባለ ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል አለ።

"አይጥ ሸለሙ?" አለ ጋሼ እያዛጋ።

ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር እ.ኤ.አ. በ1938 መብቱን በ130 ዶላር ሸጠው፣ በኋላ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ እንደኖሩ፣ ሙግቱም ለወራሾቻቸው እንደተረፈ ሲነግረው ግን ጋሼ ቀና አለ። ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ።

"ምስክር ነበረ?"

"በጽሑፍ ነው ጋሼ።"

"በጽሑፍማ ይሁን። ሲፈርሙ ጠጥተው ነበር?"

እራት ቀርቦ ቀዘቀዘ። ጋሼ ለሱፐርማን ይግባኝ እያረቀቀ ነበር።