ሳይቀምሱ የሚመዝኑ ሊቃውንት

ሐዋሳ ውስጥ እውቀታቸው የተናቀ ሰዎች አሉ። ዛሬ ልክሳቸው። ከሰዓት በኋላ ካፌ በረንዳ ላይ አንድ ማኪያቶ ይዘው የዓለም ሼፎችን ደረጃ የሚያወጡትን ማለቴ ነው።

ኮፐንሃገንን በካርታ ፈልጉ ብትሏቸው ይቸገራሉ። እዚያ ያለውን ኖማ የተባለ ምግብ ቤት ግን እንደ ጎረቤት ቤት ያውቁታል። የኖማው ሼፍ ሬኔ ሬድዜፒ ምግብ ላይ ጉንዳን ለምን እንደበተነ ያስረዱሃል። ትላንት አንዱ ጠረጴዛ እየደበደበ "ፌራን አድሪያን ከማንም ጋር አታወዳድሩብኝ!" ሲል ነበር። የስፔናዊው ሼፍ የአድሪያ ምግብ ቤት ኤል ቡሊ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ልጁ ያኔ ቢበዛ ሁለተኛ ክፍል ቢሆን ነው። አድሪያ የታወቀበት የምግብ አረፋ ጣዕም ግን እስካሁን ከምላሱ አልጠፋም።

ሌላው ለማሲሞ ቦቱራ ጠበቃ ቆመ። ጣሊያናዊው ከታወቀባቸው ነገሮች አንዱ ሆን ተብሎ ተሰባብሮ የሚቀርብ የሎሚ ታርት ነው። "ጥበብ ማለት ይሄ ነው!" አለ ልጁ። ወዲያው አስተናጋጇ ጫፉ የተሰበረ ኬክ አመጣችለት። "ይቀየርልኝ" አላት። አድናቆቴ እጥፍ ሆነ።

ለምግብ ቤቶች ደረጃ ለሚሰጠው የሚሽሊን ኮከብ ያላቸው ታማኝነትማ ልዩ ነው። ሚሽሊን ጎማ ሻጭ ነው። የአሽከርካሪዎች መመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1900 ያወጣው ሰው ብዙ እንዲነዳ ብሎ ነው። ሲነዳ ጎማው ይበላል፣ ሲበላ ሌላ ይገዛል። ኮከቡ እ.ኤ.አ. በ1926 መጣ። በዚህ ሒሳብ የኛን ሽሮ ቤቶች ደረጃ ማውጣት ያለበት የባጃጅ ጎማ ነጋዴ ነው። (ሐሳቡ የኔ ነው፤ ኮሚሽን አልጠይቅም።)

የኮከቡ ሕግ ቀላል ነው። አንድ ከሆነ፣ መንገድህ ላይ ካገኘኸው ጎራ በል። ሁለት ከሆነ፣ መንገድህን ለቀህም ቢሆን ሂድ። ሦስት ከሆነ፣ ለሱ ብለህ ከቤትህ ተነስ። እኔም የዋሁ "ታዲያ ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተው እዚህ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ሊበሉ የሚመጡትስ?" ብዬ ጠየቅኩ። ሳቁብኝ።

ልክ ናቸው። አሞራ ገደል ምን አለና? ጠዋት ከሐይቁ የወጣው ቆሮሶ ዓይንህ እያየ ይበለታል። ጎን ጎኑን በቢላ ሸንተር ሸንተር ተደርጎ የፈላ ዘይት ውስጥ ይገባል። ከዳጣ ጋር ፊትህ ሲቀርብ ሰሃኑን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶት ነው። ባዶ ቦታ የሌለው ሰሃን ምን ፍልስፍና አለው? ጠባሿም ስለ ልጅነት ትዝታዋ አታወራህም። "ሎሚ ልጨምርልህ?" ትላለች፣ አለቀ። ሚሽሊን መርማሪዎቹን የሚልከው በድብቅ ነው። እዚህ አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች በግላጭ አጠገብህ ተገትረው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ሥነ ሥርዓት የለም።

ክርክሩ መሸት ሲል አለቀ። አድሪያ በአንድ ድምፅ ብልጫ አንደኛ ወጣ። ሬድዜፒ ይግባኝ ተፈቅዶለታል። ይሄኔ ሊቃውንቱ ራባቸው። ኪሳቸውን ፈታትሸው ለአራት አንድ ሽሮ አዘዙ። ሽሮው እየተንተከተከ ሲመጣ ያ የኤል ቡሊ ደጋፊ አስተናጋጇን ጠጋ ብሎ "እህቴ፣ ተጨማሪ እንጀራ አይታሰብም አይደል?" አላት።