ለጆሮ ዳባ ልበስ ሊቃውንት

በዚህ ዘመን ትዕግሥት ጠፋ እያላችሁ የምታማርሩ ሁሉ፣ ማንቂያ ደወል የተገጠመለት ቤት ገብታችሁ ጥቂት ተቀመጡ። በሩ አጠገብ ያለው ኪፓድ፣ ማለትም ደወሉ የሚታዘዝበት ባለ ቁልፍ ሰሌዳ፣ ጢጥ ይላል። ቆየት ብሎ ጢጥ። ደግሞ ጢጥ። ቤተሰቡ እራቱን ይበላል፣ ወሬውን ይጫወታል፣ ቴሌቪዥኑን ያያል። እንግዳ ደንገጥ ብሎ «ምንድን ነው የሚጮኸው?» ሲል ባለቤቶቹ ተያይተው «የቱ?» ይላሉ። ማስመሰል እንዳይመስላችሁ፤ ከልባቸው ነው። የወራት ልምምድ ያንን ድምፅ ከጆሯቸው ጠርጎ አውጥቶታል። ለእነዚህ ሰዎች እስካሁን የሚገባቸውን ምስጋና ያቀረበ አላየሁም። ትችት ለለመደ ብዕር ውዳሴ ቢከብደውም እስቲ ልሞክር።

አስቀድመው የ«ራሱ ይተወዋል» ፍልስፍና ተከታዮች ይነሱ። ሰው ይስቅባቸዋል እንጂ ማስረጃስ አላቸው። ባትሪው ሊያልቅ የተቃረበ ጭስ ጠቋሚ ወይም መስኮት መከፈቱን የሚጠቁም ሴንሰር መጮህ የሚወደው ሌሊት፣ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ነው። ባትሪ ሲበርደው ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ጠርዝ ላይ የነበረው ደግሞ በዚያች ቅዝቃዜ ምክንያት መሣሪያው ከሚፈልገው ቮልቴጅ በታች ይወርዳል። ነግቶ ቤቱ ሞቅ ሲል ነፍስ ይዘራና ጩኸቱ ይቆማል። ፈላስፋው ፊቱን እየታጠበ «አላልኳችሁም?» ይላል። በየማለዳው ትክክለኛነቱ የሚረጋገጥለት ሊቅ ሌላ የት ይገኛል? በየሌሊቱ መሳሳቱንማ ማን አይቶት፤ ሌሊት ሁሉም ትራሱን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ነው የሚያድረው።

እንቅልፍ እምቢ ብሎት የሚነሣም አይጠፋም፤ የዚህ ሰው ገድል በዝርዝር ሊነገር ይገባዋል። በባዶ እግሩ፣ በውስጥ ሱሪው፣ ወንበር ተሸክሞ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ጣሪያው ላይ ካለው ጭስ ጠቋሚ ሥር ወንበሩን ያቆማል፣ ይወጣል፣ ትንፋሹን ይዞ ጆሮውን ያቀናል። ዝም። ሊወርድ አንድ እግሩን ሲያነሣ ጢጥ ይላል፤ ከኮሪደሩ። ኮሪደሩ ሲደርስ ከመኝታ ቤት። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚጮኹት በ3000 ኸርዝ አካባቢ ባለ ቀጭን ድምፅ ነው። ወፍራም ድምፅ ከየት እንደመጣ የምናውቀው ለአንዱ ጆሯችን ቀድሞ ስለሚደርስ ነው፤ በጣም ቀጭኑን ደግሞ በአንዱ ጆሮ ጎልቶ ስለሚሰማ። ይኼኛው ሁለቱም ዘዴዎች የሚደናበሩበት መካከለኛ ቦታ ላይ ተቀምጧል። በዚያ ላይ አጭር ነው፤ አንገት እስኪዞር አይጠብቅም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኪፓዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቶ፣ ከጎኑ «ዞን 4፣ ባትሪ ዝቅተኛ» የሚል፣ ጯሂው የቱ እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ ወለል ብሎ ይጠብቃል። ጀግናችን በፊቱ ሲመላለስ አድሯል። ግን ወንበር የተሸከመ ሰው ቆሞ አያነብም። አልፎ አልፎ ኪፓዱም ጣሪያውም ንጹሕ ሆነው ይገኙና ጯሂው ሌላ ይሆናል፤ ባትሪው ሳይወጣ መሳቢያ ውስጥ የተወረወረ አሮጌ ጭስ ጠቋሚ። ጭስ ጠቋሚ 10 ዓመት ሲሞላው በአዲስ ይተካል፤ ቤተሰቡም ደንቡን አክብሮ ተክቶታል፤ ለአሮጌው ጡረታ መውጣቱን የነገረው የለም እንጂ።

ወደ መካከለኛው ማዕረግ እንለፍ፦ ዝም አሰኚዎች። በብዙ ኪፓዶች ላይ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ጢጥታው ይቆማል። ብልሽቱ እንዳለ ነው፤ ከሰዓታት በኋላ ፓነሉ፣ የደወሉ አንጎል ያለበት ሳጥን፣ መልሶ ያስታውሳል። ያችን ቁልፍ ቤቱ በሙሉ ያውቃታል፤ ቁመቱ ያልደረሰ ሕፃን እንኳ በርጩማ ስቦ ይጫናታል። ሌላ ቁልፍ የሚያውቅ ግን የለም። ቢጫዋ መብራት ደግሞ ሌሊት ዓይን ትወጋለች ተብላ ፕላስተር ተለጥፎባታል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት የቁስል ፕላስተር ነው፤ ጠርዙ በአቧራ ጠቁሯል፣ አንዱ ጫፉ ተላቅቆ በሌላ ፕላስተር ተደግፏል፣ መሃሉ ላይ ያለችው ጥጥ ከሥሯ በሚመጣው ብርሃን ቢጫ ሆና ታበራለች። ይህ ቤት ለብልሽቱ ሕክምና አላደረገም የሚል ካለ መጥቶ ይይ።

ከእነሱ በላይ ነቃዮች አሉ። አንዳንዴ ነገሩ የሚጀመረውም በመንቀል ነው። አንዱ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ሶኬት ይፈልግና ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ትራንስፎርመር «ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?» ብሎ ይነቅላታል። የፓነሉ ኤሌክትሪክ የሚመጣው በእሷ በኩል ነበር። ፓነሉ ወደ መጠባበቂያ ባትሪው ይዞርና ኃይል መቋረጡን በጢጥታ ያስታውቃል፤ ባትሪው ከሰዓታት በኋላ ሲደክም ያንንም ይጨምርበታል። ነቃዩ አሁን ትራንስፎርመሯን ሊነቅል ይሄዳል፤ ተነቅላ ያገኛታል። የሚነቀል አጥቶ የተመለሰ ነቃይ ስለሌለ የብረት ሳጥኑን ይከፍታል።

ሳጥኑ ውስጥ ጥቁር ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ቁጭ ብሏል። የዚህ ዓይነት ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ይኼኛው ከቤቱ ጋር የተወለደ ነው። ጎኑ አብጧል። የቀዩ ሽቦ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ቴክኒሻኑ በማርከር የጻፈው ቀን ደብዝዞ የወሩ ስም ብቻ ቀርቷል። ነቃዩ ይህን ሁሉ ካየ በኋላ «ባትሪውስ አለ» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ አለ። ሳጥኑ ሲከፈት ግን «ተነካሁ» የምትለው ትንሽ ማብሪያ ትነቃና የውጭው ሳይረን ያጓራል። ሠፈሩ በሙሉ ይሰማል። አንድ መጋረጃ ገለጥ ብሎ ይመለሳል።

እንግዲህ ጎረቤትም ከምስጋናው አይቅር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል ነበር፤ እዚህ ሠፈር ጅቡ ሳይመጣ ስንት ዓመት ስለተጮኸ የመጣ ዕለት የሚነሣ አይኖርም። በአሜሪካ ማንቂያ ደወል ጮኸ ተብሎ ፖሊስ ከሚጠራባቸው ጊዜያት ከ90 በመቶ የሚበልጡት የሐሰት ሆነው ይገኛሉ። እዚህ ውጤት ላይ ለመድረስ ስንት አባወራ ተባብሮ ይሆን! አንዳንድ ከተሞች ግን ውለታ አያውቁምና ሐሰተኛ ደወል በደጋገመ ቤት ላይ ቅጣት ይጥላሉ።

የዚህን መሣሪያ ፈልሳፊዎች ሳስብ አዝንላቸዋለሁ። አውግስጦስ ራስል ፖፕ የሚባል የማሳቹሴትስ ሰው በ1853 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሪክ ሌባ ጠቋሚ ደወል የፈጠራ መብት አወጣ። ሌባው የከፈተውን በር መልሶ ቢዘጋም ደወሉ እንዳይቆም አድርጎ ነበር የሠራው። ሌባው ሊያስቆመው ያልቻለውን ባለቤቱ ያስቆመዋል ብሎ እንዴት ይገምት? ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን ደግሞ በኒው ዮርክ ኩዊንስ የምትኖር ነርስ ነበረች። ፖሊስ ቶሎ አይደርስም ብላ፣ በር ላይ የቆመውን ሰው በካሜራ የሚያሳይና በአንድ ቁልፍ ጥሪ የሚያስተላልፍ የቤት ጥበቃ ሥርዓት ከባሏ ከአልበርት ጋር ነደፈች፤ በ1966 እ.ኤ.አ. አመልክተው በ1969 የፈጠራ መብቱን አገኙ። ሴትዮዋ በሯ ላይ ማን እንደቆመ ለማወቅ ይህን ያህል ደከመች። እኛ አራት ጣት የምታህል ስክሪን ማንበብ ታክቶናል።

በዚህ ሁሉ መሃል እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ቤቱን ከሩቅ ለሚከታተለው መቆጣጠሪያ ማዕከል ወርሃዊ ክፍያውን በየወሩ ሳያዛንፍ የሚከፍለውን ሰው ነው። ኢንተርኔት ቀየረ፣ ራውተር ቀየረ፣ ወይም የስልክ መስመሩን አቋረጠ፤ ፓነሉም ወደ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ የሚደውልበት መንገድ ጠፋበት። «መገናኘት አልተቻለም» ብሎ ጢጥ ይላል። በአሜሪካ ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች የ3ጂ ኔትወርካቸውን በ2022 እ.ኤ.አ. ሲዘጉም በዚያ ኔትወርክ ብቻ የሚነጋገሩ አሮጌ ፓነሎች እንዲሁ ዱዳ ሆነዋል። ሰውየው ቁልፏን ተጭኖ ዝም ያሰኘዋል፤ ክፍያውን ግን አያቋርጥም፤ ቤቱ እንዲጠበቅ ይፈልጋላ! ማዕከሉ ከዚያ ቤት ምንም አልሰማም፤ ምንም ካልተሰማ ደግሞ ሁሉ ሰላም ነው።

የጨዋታውን ለዛ የሚያጠፉ ሰዎች መኖራቸውን አልደብቅም። እነዚህ ፍዞች ጢጥ ሲል ኪፓዱ ጋ ሄደው የተጻፈውን ያነባሉ። ትራንስፎርመሯ ሶኬቱ ውስጥ መሆኗን ያያሉ። ወደ ማዕከሉ ደውለው «ልንነካካው ነውና ሙከራ ላይ አድርጉልን» ይላሉ። የድሮው ባትሪ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር-ሰዓት ጽፈው ይዘው አምሳያውን ይገዛሉ፤ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ያገናኛሉ። የበሩ ሴንሰር ያለምክንያት የሚያስቸግር ከሆነ ማግኔቱ ከቦታው መንሸራተቱን ይመረምራሉ። ከዚያ ይተኛሉ። የሚያወሩት ገድል የላቸውም፤ እንግዳም ቤታቸው መጥቶ የሚጠይቀው የለም።

የእኛ ሰው አንድ ጊዜ እነሱን ለመምሰል ሞክሮ ባትሪ መቀየሩን መካድ አይቻልም። አዲሱን ገጠመ፣ ሳጥኑን ዘጋ፣ ጢጥ አለ። አዲስ ባትሪ ሞልቶ ፓነሉ እስኪያምነው 24 ሰዓትም ከዚያ በላይም ሊወስድ እንደሚችል መመሪያው ላይ ተጽፏል። ስድስት ወር ጢጥታ የታገሠ ሰው ግን አንድ ቀን መጠበቅ አቃተው። «አስመስለው የሠሩት ነው!» ብሎ ባትሪውን ነቅሎ ወደ ሻጩ ሮጠ።

በመስኮቱ ሴንሰር ላይ ግን ድል አድርጓል። አዲስ ባትሪ ከመግዛት ይልቅ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ከፍቶ፣ መጠኑ ልክ ሆኖ ስላገኘው፣ የሪሞቱን ባትሪ አውጥቶ ሴንሰሩ ውስጥ ከተተው። ሁለት ቀን ሙሉ ጢጥ የሚባል አልተሰማም፤ ሚስቱም ልጆቹም አመሰገኑት። በሦስተኛው ቀን ማታ ግን የዋንጫ ጨዋታ ነበረ።