ክብር ለ«ትልቁን ውሰድ» ባዮች

በዚህ አገር ዘይት በወረፋ ነው፤ ነዳጅ በወረፋ ነው። ምክር ብቻ ነው ተገላቢጦሽ የሆነው፤ መካሪው ራሱ ተሰልፎ ይጠብቅሃል። ሰሞኑን መርካቶ አንድ የብረታ ብረት ሱቅ ደጃፍ ላይ የሆነውን ላጫውታችሁ። አንድ ወጣት በቤቱ ጓሮ ከቀጭን ላሜራ የአበባ ማስቀመጫና የጀበና ማቆሚያ የሚሠራባት ትንሽ የጋዝ መበየጃ ሊገዛ መጥቷል። ገና «መበየጃ» ከማለቱ ከበቡት። አንዱ ሚስማር ሊገዛ የመጣ ነው። አንዱ የሲሚንቶ ዋጋ ሊጠይቅ ጎራ ያለ ነው። ሦስተኛው ምን ሊያደርግ እንደመጣ እሱም አያውቅም፤ ብቻ ክራቫት አስሯል። ሦስቱም ባንድ ቃል ፈረዱ፦ «ትልቁን ውሰድ!»

መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ፍሪጅ ስትገዙም ነበሩ። ታንከር ስትገዙም ነበሩ።

ልብ በሉ፤ «ምንድነው የምትበይደው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሰው ገመና እንደመነካካት ነው። ጨዋ መካሪ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ኦሪጅናል ነው?» ባለሱቁም በተራው ጨዋ ነውና «ኦሪጅናል ነው» ይላል። ምርመራው በዚህ ይዘጋል።

ብየዳ ቤት ያደጉ ሰዎች ይህን ጥበብ አለመቀበላቸው ያሳዝናል። እነሱ የሚጀምሩት ከብረቱ ነው። ለ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ በሰዓት 100 ሊትር ያህል አሴቲሊን (የሚነደው የብየዳ ጋዝ) የሚያሳልፍ አፍንጫ፣ ለ2 ሚሊ ሜትር 200 ሊትር፣ እያሉ ይቆጥራሉ። መያዣው ያው አንድ ሆኖ ጫፉ ላይ ያለውን አፍንጫ ብቻ ይቀያይራሉ። አፍንጫው ከብረቱ ከበለጠ ላሜራው ይበሳል። እሳቱን ላሳንስ ብለህ የትልቁን አፍንጫ ጋዝ ብታጠብበው ደግሞ የጋዙ ፍጥነት ይወድቅና እሳቱ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ «ጧ!» ይላል። ምን ዓይነት ጣጣ ነው! መካሪያችን ያንን «ጧ» ሲሰማ የሚሰጠው ትንታኔ አጭርና ግልጽ ነው፤ «አየህ፣ ጉልበት አለው።»

በነገራችን ላይ ተቃራኒው ወገንም አለ፤ ትምህርቱን በስልክ ቪዲዮ የጨረሰው። እሱ ጣሳ ላይ የምትሰካ የቡቴን መለኮሻ ገዝቶ የግቢ በር ሊበይድ የተነሳ ነው። ሒሳቡ እንከን የለውም፤ ብረት የሚቀልጠው 1,500 ዲግሪ ገደማ ነው፣ የመለኮሻዋ እሳት በአየር ብቻ እየነደደ ወደ 1,900 ይደርሳል፣ ስለዚህ 400 ዲግሪ ትርፍ አለው። ብረቱ ግን ሒሳብ አልተማረም። የተበታተነው እሳት ከሚሰጠው ሙቀት ይልቅ ወደ ሌላው አካሉ የሚያሸሸው ስለሚበልጥ መጋጠሚያው ይቀላና እዚያው ይቀራል። ብረትን ከብረት የሚያቀልጠው ኦክሲጅንና አሴቲሊን ተገናኝተው የሚሰጡት፣ ከ3,000 ዲግሪ በላይ የሆነና ነጥብ ላይ የሚያርፍ እሳት ነው። የጣሳዋ መለኮሻ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ለማጣበቅ ደግ ናት፤ ለግቢ በር ግን ትሞቃላችሁ እንጂ አትበይዱም። ለማንኛውም ቪዲዮው ብዙ ተወዷል።

ወደ ገጠማው እንለፍ፤ መካሪ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነው። የነዳጁ ጋዝ ዳዶ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው፤ የኦክሲጅኑ ወደ ቀኝ። ይህ የፋብሪካ ስህተት አይደለም፤ ሁለቱ የጋዝ ማስተላለፊያ ጎማዎች እንዳይምታቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የግራው ዳዶ እንዲለይም ጠርዞቹ ላይ ትንሽ ጭረት ተቆርጦበታል። የሱቁ ረዳት ግን ጭረቱን ለጌጥ ወስዶት ዳዶውን በእንግሊዝ ቁልፍ ወደ ቀኝ ይዞ ይታገል ጀመር። ግንባሩ ላይ ላብ ቸፈፍ አለ። የዳዶው ማዕዘኖች እየተላጉ ሄደው እንደ እንቁላል ድቡልቡል ሲሉ «እልኸኛ ናት» አለ። ባለ ክራቫቱ መፍትሔ አላጣም፤ «ግራሶ ቀባ አድርግላት፤ የኦክሲጅኑንም አብረህ።» ግራሶና በግፊት የታመቀ ኦክሲጅን ሲገናኙ ክብሪት እንኳ አያስፈልግም፤ ራሳቸው ይነዳሉ። ለመካሪው ይህ ዝርዝር ነው። ጋዝ ማፍሰስ አለማፍሰሱን በሳሙና ውኃ አረፋ መፈተሽም ለሱ ጊዜ ማባከን ነው፤ ላይተር ለኩሶ ያስጠጋል። እውነት ለመናገር ዘዴው ፈጣን ነው፤ መልሱ ወዲያው ይመጣል።

እሳቱ ወደ ጎማውና ወደ ሲሊንደሩ እንዳይመለስ የሚያግደውን ዕቃም ሱቁ ውስጥ አየሁት፤ አቧራ ለብሶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ወጣቱ ሲጠይቅ «እሱ ለፈረንጅ ነው» ተባለ። ፈረንጅ ይፈነዳል፣ እኛ አንፈነዳም ማለት ነው?

ጢም ያላበቀለ ልጅ አሴቲሊን በሚመረትበት የካርባይድ በርሜል አጠገብ አስቀምጠህ፣ ያለ መነጽር ፋየር ላይ አፍጥጦ እንዲውል እያደረግህ «ዓይኑ ለምዶታል» የምትል አንተ ሰው፣ ዓይን አይለምድም። ይጎዳል እንጂ አይለምድም። ለጋዝ ብየዳ ጥቁረቱ 5 ቁጥር አካባቢ የሆነ መነጽር አለ፤ የልጁ የፀሐይ መነጽር አይተካውም። ዚንክ የተለበጠ ላሜራ በይዶ ማታ ሲያንቀጠቅጠውና ሲያተኩሰው «ወተት ይጠጣ» ትላለህ። ወተቱ የሚገባው ሆዱ ነው፤ ጭሱ የገባው ሳንባው ነው። ያንን ልጅ የዓይኑን ብርሃን አስከፍለኸው ወተት ጋበዝኩት እያልክ መኩራራትህ ያስጠላል።

ይቅር፤ ወደ ምስጋናችን። የዚህ ሁሉ ምክር ታላቅ ፍሬ የሰፈራችን ሰው ነው፤ ጋሽ እንትና እንበላቸው። ጋሽ እንትና ጡረታ እንደወጡ ያማራቸው አንድ ነገር ነበር፤ ባለ አራት ደርብ የጫማ መደርደሪያ፣ ከ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ። አንድ መካሪ አጅቧቸው ሄደና የጭነት መኪና ሻንሲ የሚበየድበትን አፍንጫ አስገዛቸው። ሲለኩሱት እሳቱ የክንዳቸውን ያህል ረዘመ፤ የጎረቤት ውሻ አጥር ዘሎ ሄደ። ላሜራውን ነካ ሲያደርጉት በሳንቲም ልክ ተበሳ። መካሪው ቆሞ ያያል። «በጣም ጥሩ ነው ጋሼ፤ ጫማ እኮ የሚሸተው አየር አጥቶ ነው።» ጋሽ እንትና ተጽናኑና ቀጠሉ። እስከ ማታ የላይኛው ደርብ ወንፊት ሆነ። የባለቤታቸውን ነጠላ ጫማ ሲያስቀምጡበት ተረከዙ ወደታች ሾልኮ ቀረ።

በማግስቱ መካሪው መጣ። «ለጫማ ሳይሆን ለሽንኩርት ይሁን፤ ሽንኩርት አየር ይወዳል።» ሽንኩርቱ ተደረደረ። ትንንሾቹ በቀዳዳው እየሾለኩ ወጥ ቤቱን ሞሉት። «ትልልቁን ሽንኩርት ይግዙ» ተባሉ። እትዬ ሁለት ኪሎ እንደ ብርቱካን የሚያካክል ሽንኩርት ይዘው መጡ፤ እሱም ቆየ፤ ነጭ ሽንኩርት ግን ተስፋ የለውም። ደግሞ ያ ሁሉ እሳት ቀጭኑን ላሜራ አጣሞታል፤ አንዱ እግር መሬት አይነካም፤ ሲነኩት ይወዛወዛል። «ዶሮ ያሳድሩበት» አለ መካሪው፤ «ዶሮ መወዛወዝ ለምዳለች፤ ዛፍ ላይ አይደል የምታድረው?» ዶሮዋ አደረች። ጠዋት አንድ እግሯ ቀዳዳ ውስጥ ተቀርቅሮ ሰፈሩን ስትቀሰቅስ በፒንሳ አስፍተው አወጧት። እትዬ በዚያን ቀን መደርደሪያውን ጓሮ ጣሉት።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ለበዓል መብራት ሲጠፋ አንድ ልጅ ሻማ ለኩሶ ውስጡ አስቀመጠ። ግድግዳው ሁሉ በነጠብጣብ ብርሃን ተሞላ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ስልክ ወጣ፤ ፎቶ ተነሳ። በሳምንቱ አዲስ ካፌ የከፈተ ሰው ደጃቸው መኪና አቁሞ «ያንን የእጅ ሥራ ፋኖስ የሚሠሩት እርስዎ ነዎት?» አላቸው። ጋሽ እንትና ዝም አሉ። መካሪው «አዎ፤ እኔ ደግሞ የዲዛይን ክፍል ኃላፊ ነኝ» አለ። ስድስት ታዘዘ፤ ቀብድም ተከፈለ።

አሁን ያለው ችግር ሌላ ነው። ጋሽ እንትና ቀን ከሌት ስለሚለማመዱ እጃቸው እየተስተካከለ፣ ቀዳዳውም እየቀነሰ መጥቷል። ሦስተኛው ፋኖስ ላይ አንድ ሙሉ ጎን ሳይበሳ በአማረ ሁኔታ ተበይዷል፤ ካፌው «ይሄማ ቁምሳጥን ነው» ብሎ መልሶታል። የዲዛይን ክፍሉ ሰሞኑን መርካቶ ነው የሚውለው፤ ካለው የሚተልቅ አፍንጫ እየፈለገላቸው ነው።